ቢራቢሮ የሚኖርበት ጓሮ፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

ጓሮዬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ይሄ ሁሉ ቢራቢሮ የሚመጣው ምን አበባ ተክለሽ ነው?» ቡና ላይ እጠየቃለሁ፣ ታክሲ ስጠብቅ እጠየቃለሁ፣ ስልክ ተደውሎም እጠየቃለሁ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ጥያቄውን ላስተካክል። አበባ የሥራው ግማሽ ነው። ቢራቢሮ አበባ ላይ የምታርፈው ወለላውን ልትጠጣ ነው፤ ጠጥታ ትሄዳለች። ጓሯችሁ የምትቀረው እንቁላል የምትጥልበት ቅጠል ካገኘች ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይበላም። እያንዳንዱ ዝርያ የሚበላው የታወቀ ተክል አለው። ያንን ካጣ በረሃብ ይሞታል እንጂ ሌላ ቅጠል አይነካም። ስለዚህ ለእናትየዋ መጠጥ፣ ለልጆቿ ምግብ እናዘጋጃለን። ለልጆቹ የተከላችሁት ቅጠል ይበላል፤ ይቦዳደሳል። ይህን ካሁኑ ካልተቀበላችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

የጻፍኩት እንደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ላለ ቦታ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱ ይበረታል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሊመታ ይችላል። ቆላ ላላችሁ ወሩም ተክሉም ይለያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 3 በ4 ሜትር የሚሆን ፀሐይ የሚያገኝ መሬት (ከዚህ ቢያንስም ይሆናል፤ አጥር ሥር ያለ ጠባብ መደብም ሠርቶልኛል)
- ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ
- 4 ወይም 5 ጆንያ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ
- 2 ወይም 3 የሎሚ ችግኝ፣ አንድ ጤና አዳም
- የግራዋ ቅርንጫፍ (ከጎረቤት አጥር ለምኑ፣ አይገዛም)
- ያልተቆላ ኑግ፣ አንድ እፍኝ
- የኮስሞስ ወይም የዚኒያ ዘር
- ሁለት ሦስት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ
- የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ዓይነት ሰፋ ያለ የሸክላ ሳህን፣ ትንሽ አሸዋ
- አሮጌ አጎበር
- ጓንት

አሠራሩ

1. ፀሐዩን ተከታተሉ። ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጓሯችሁን እዩት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚወድቅ በእንጨት ምልክት አድርጉ። ቢያንስ 5 ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ምረጡ፤ የጠዋት ፀሐይ ከሆነ እሰየው። ቢራቢሮ የራሷ ሙቀት የላትም። ክንፏን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በፀሐይ ካልሞቀ መብረር አትችልም። እኛ ሰፈር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢራቢሮ የማታዩትም ለዚህ ነው። የጎረቤት ፎቅ እስከ እኩለ ቀን የሚከልለው ቦታ ላይ ምንም ብትተክሉ ትርፉ ድካም ነው።

2. ነፋሱን ስበሩ። ረዘም ያለ እንጨት ላይ ክር ወይም የፌስታል ቁራጭ አስራችሁ ለጥቂት ቀናት ተመልከቱ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ግራዋ ደርድሩ። የግራዋ ቅርንጫፍ የክንድ ያህል ተቆርጦ ሰኔ ላይ ሲተከል ያለ ብዙ ችግር ይጸድቃል። በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ አቧራ ሲለብስ፣ ነጭ አበባውን ያወጣል። ያኔ ከሱ ሌላ የሚጠጣ ነገር እምብዛም የለም። ቦታ ከተረፋችሁ ጥግ ላይ አንፋር ጨምሩ። ብርቱካናማ አበባው እንደ ዘለላ ነው፣ ቢራቢሮም ንብም ይወደዋል። ግን ዛፍ ነውና ከቤቱ መሠረት አርቁት።

በብሎኬት አጥር ብቻ አትተማመኑ። ነፋስ ድፍን ግንብ ሲመታ ከላይ ዘሎ ወደ ውስጥ ይሽከረከራል። ቅጠል ግን ያሳልፈዋል፣ እያሳለፈም ያዳክመዋል።

3. አፈሩን አዘጋጁ። ይህን በግንቦት ጨርሱ። ቀይ አፈር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ኮምፖስቱን ቀላቅሉ፣ አለቀ። ጥቁር ዋልካ ያላችሁ ግን (ሰንዳፋ መስመር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በበጋ ሰንጥቆ እጅ ያስገባል) ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ከሥሩ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ ቀላል ድንጋይ አንጥፉ፣ ከላይ አፈርና ኮምፖስት እኩል አድርጉ። ዋልካ በሐምሌ ውሃ ቋጥሮ ይይዛል። የሎሚና የጤና አዳም ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

ትኩስ ዕበት አትጨምሩ። ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። የበሰለ ፍግ እጃችሁ ላይ ሲፈረፈር አፈር አፈር ይሸታል፤ ዕበት ዕበት ከሸተተ ገና ነው።

4. የልጆቹን ምግብ ቀድማችሁ ትከሉ። ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

*ሎሚ።* ጥቁርና ቢጫ የሆነችው፣ ጓሮ ከሚመጡት ሁሉ ትልቋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሎሚና ብርቱካን ላይ ነው። ለስላሳ አዲስ ቅጠል ፈልጋ፣ ሆዷን አጠፍ አድርጋ፣ አንድ ብቻ ጥላ ትሄዳለች። እንቁላሉ ቢጫ ነው፣ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ከሱ የሚወጣው አባጨጓሬ መጀመሪያ ላይ ቁርጥ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ እንዳይበላው ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን «ወፍ አቆሸሸብኝ» ብዬ በጨርቅ ጠርጌ ጥያቸዋለሁ። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በጣታችሁ ነካ ብታደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ እንደ ቀንድ የተሰነጠቀ ብርቱካናማ ነገር ብቅ ያደርጋል፣ የተበላሸ ሎሚ የመሰለ ኃይለኛ ሽታም ይለቃል። አይጎዳችሁም፤ ማስፈራሪያው ነው።

ከሁለት ችግኝ በታች አትትከሉ። አንድ ትንሽ ችግኝ ላይ አራት አባጨጓሬ ካደጉበት ቅጠሉን ጨርሰውት በረሃብ ያልቃሉ። ሁለት ካለ የተራቆተውን አሳርፋችሁ፣ አባጨጓሬዎቹን ካሉበት ቅጠል ጋር ቆርጣችሁ ወደ ሁለተኛው ታዛውራላችሁ። የተራቆተው ሎሚ ሥሩ ደህና ከሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል።

*ጤና አዳም።* ከሎሚ ጋር አንድ ወገን ነው። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ያላችሁ፣ ውርጭ ወጣቱን ሎሚ ስለሚገድልባችሁ፣ ሎሚውን በትልቅ ማሰሮ አድርጉና ማታ ማታ ወደ በረንዳ አስገቡት። ጤና አዳሙን ግን ሜዳ ላይ ትከሉት፤ ብርዱን ይችላል። ለቡና የምትቀነጥቡትን ለብቻ፣ ለቢራቢሮ የተዋችሁትን ለብቻ ብታደርጉ ከባለቤት ጋር አያጣላም።

*ልት።* ይህን አትተክሉትም፤ ራሱ ይበቅላል። ክብ ቅጠል ያለው፣ ግቢ ውስጥ አረም እየተባለ የሚነቀለው ነው። ብርቱካናማ ሆና የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ቢራቢሮ ልትና ኮሸሽላ ትወዳለች። አባጨጓሬዋ ቅጠሉን በድር ሰፍቶ ውስጡ ይቀመጣል። ተጠቅልሎ የተያያዘ የልት ቅጠል ካያችሁ አትግለጡት።

*ሳማ።* አጥር ጥግ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ተዉለት። ከዚህች ከብርቱካናማዋ ጋር የሚዛመዱ ቢራቢሮዎች ቅጠሉ ላይ ያድጋሉ። የልጆች መጫወቻ አጠገብ ግን አይሁን።

*ማጌጥና አልፋልፋ።* ቢጫዎቹ ቢራቢሮዎች እንቁላል የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው። ሣራችሁን ስታጭዱ ዳር ዳሩን አንድ ሜትር ሳትነኩ ተዉት፤ ማጌጡ ራሱ ይወጣል።

*ጎመን።* ነጮቹን ቢራቢሮዎች መጥራት አያስፈልግም፣ ይመጣሉ። የምትበሉትን ጎመን በአሮጌ አጎበር ሸፍኑት፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ዳር ላይ አራት አምስት ግንድ ያለ አጎበር ተዉላቸው። በዚህ መንገድ መድኃኒት ሳይረጭ ሁለታችሁም ትበላላችሁ።

5. አሁን አበባውን። ምርጫችሁ ሁለት ነገር ያሟላ። አንደኛ፣ አበባው ነጠላ ይሁን። ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያለው ጽጌረዳና ጄራኒየም ለዓይን ያምራል እንጂ ወለላው ወይ የለም፣ ወይ የቢራቢሮ ምላስ አይደርስበትም። ሁለተኛ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካ። በአንድ ወር ሁሉም አብቦ በሚቀጥለው ሁሉም ከደረቀ ጓሮው ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ለመስከረምና ለጥቅምት ኑግን የሚያህል የለም። ከገበያ ያልተቆላውን ግዙ። መብቀሉን ለማወቅ ሃያ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ፤ ከግማሽ በላይ ካልበቀለ ሌላ ፈልጉ። በሐምሌ መጀመሪያ መደቡ ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ አፈር በስሱ አልብሱት። ዋልካና ውሃ አያስፈራውም። አደይ አበባም እንዲሁ፤ ዘሩን ካበበበት ሜዳ ላይ ጥቅምት መጨረሻ ሲደርቅ ለቅማችሁ በወረቀት አስቀምጡና ሰኔ ላይ ዝሩት።

ኮስሞስ አንዴ ከዘራችሁት በየዓመቱ ራሱን ይዘራል። ዚኒያ ዝናብ ሲበዛበት ቅጠሉ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በጣሳ አብቅላችሁ መስከረም ሲጠባ አውጡት። ለበጋው ግራዋ አለ፣ ሮዝመሪ አለ፣ በሶብላም አለ፣ ግን እንዲያብቡ መተው አለባቸው። በሶብላ ሲያብብ ለበርበሬ ካላችሁ የተወሰነውን ብቻ ቁረጡ።

አንዱን ዓይነት እዚህም እዚያም አትበትኑ። አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ትከሉ። ቢራቢሮ ከሩቅ የምታየው የቀለም ክምችት ነው፤ ብቻዋን የቆመች አንዲት ዚኒያ አትታያትም።

6. መሞቂያና መጠጫ። ጥቁሩን ድንጋይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርጋችሁ አበባው መሃል አስቀምጡ። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የተረፈው በደንብ ይሆናል። ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው የሚሞቁበት ነው።

የሸክላውን ሳህን አሸዋ ሙሉበት፣ አንድ ጭብጥ የቆየ ፍግና በሦስት ጣት ቆንጥራችሁ ጨው ጨምሩ፣ እስኪረጥብ ውሃ አፍስሱ። ውሃው ከአሸዋው በላይ አይቁም፤ ቢራቢሮ ኩሬ አትጠጣም፣ ትንኝ ግን ይራባበታል። ጨው የሚፈልጉት በብዛት ወንዶቹ ናቸው። በዝናብ ማግስት መንገድ ላይ ጭቃ ዙሪያ ተሰብስበው የምታዩዋቸው እነሱ ናቸው።

ጫካ አጠገብ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። የበሰበሰ ሙዝ ላይ ትንሽ አተላ አፍስሳችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉ። አበባ ዞር ብለው የማያዩ፣ የፈላ ፍራፍሬ ብቻ የሚፈልጉ ቢራቢሮዎች አሉ። ሽታውን የቤት ሰው ከታገሠ ማለቴ ነው።

7. ውሃ አጠጣጥ። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በማለዳ፣ ከሥር አጠጡ። ጎማ ይዛችሁ ቅጠሉን ከላይ አትምቱት፤ እንቁላልና ትንንሽ አባጨጓሬ ታጥቦ ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባችሁ የምስርና የአትክልት እጣቢ ይበቃል። የሳሙና እጣቢ ግን አይሁን፤ ሳሙና ለስላሳ አካል ያለውን ነፍሳት ይገድላል። ሥሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት፣ ውሃ ይቆጥብላችኋል።

8. ጠብቁ። አበባ ላይ ቢራቢሮ በመጀመሪያው መስከረም ታያላችሁ። እንቁላል ግን የሚጣለው ቅጠሉ ሲለመልም ነው። በእኛ ብርድ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። አባጨጓሬው አድጎ ድንገት ከሎሚው ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ። ግንድ ወይም አጥር ላይ ራሱን በክር አስሮ፣ የደረቀ ቅጠል መስሎ ተኝቶ ይሆናል። እንደዚያ ሆኖ ካገኛችሁት አታንቀሳቅሱት፤ ከወደቀ ስትወጣ ክንፏን ዘርግታ የምታደርቅበት ቦታ አይኖራትም።

ጥንቃቄ

ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል። ልጆች በባዶ ክንድ እንዳይጫወቱበት።

ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ፍሬው እንደ ፊኛ የተነፋ ቁጥቋጦ መንገድ ዳር አለ። ብርቱካናማ ሆና ጥቁር ጠርዝ ያላት ሌላ ቢራቢሮ ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ለከብትም መርዝ ነው። ሕፃን ወይም በግ ያለበት ግቢ ይቅርባችሁ።

የወፍ ቆሎ፣ ማለትም ላንታና፣ አትትከሉ። ቢራቢሮ ይወደዋል፣ እውነት ነው። ግን ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን በየሜዳው ትበትነዋለች፣ አንዴ ከያዘ አይነቀልም። ለከብትም መርዝ ነው።

ፀጉራም አባጨጓሬ በእጅ አትንኩ። አብዛኞቹ የእሳት ራት ልጆች ናቸው፣ ፀጉራቸውም ያሳክካል። እላይ የዘረዘርኳቸው የሎሚና የጎመን አባጨጓሬዎች አያሳክኩም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*የተረጨ ችግኝ መግዛት።* መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ያማረ ሎሚ ገዛሁ። አንድ ቅጠሉ እንኳ አልተነካም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንቁላል ተጣለበት፣ ደስ አለኝ። ትንንሾቹ አባጨጓሬዎች ግን በወጡ በማግስቱ እየጠቆሩ ወደቁ። ሰውየውን ሄጄ ስጠይቀው «እንዳይበላብሽ ረጭቼልሽ ነው» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። አሁን ስገዛ ቅጠሉ ትንሽ የተቦደሰውን እመርጣለሁ። ንጹሑን ከገዛሁ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል በአጎበር ሸፍኜ አቆየዋለሁ፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣና የተረጨው እስኪዳከም።

*«ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ መርጨት።* ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይ እንደማይረጭ ብዙ ሰው ይገባዋል። ኒምና የሳሙና ውሃ ግን ምንም አያደርግም ይላል። ያደርጋል። አባጨጓሬ የሚገድል ነገር የጎመኑንም የቢራቢሮውንም አይመርጥም። ቅማል የመሰሉ ተባዮች ግንዱን ከወረሩ በጣት ጥረጉ፣ ወይም ያንን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡ።

*ዶሮ መልቀቅ።* ሦስት ዶሮ የአንድ ወር ሥራችሁን በአንድ ጠዋት ትለቅመዋለች። ወይ ዶሮዎቹን እሠሩ፣ ወይ መደቡን በሽቦ እጠሩ።

*ለበዓል ማጽዳት።* ይህ የደረሰብኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ግቢ እንዲያጸዳ የመጣው ልጅ ልቱንም ሳማውንም ነቅሎ፣ ማጌጡን አጭዶ፣ ኮትኩቶ ጠበቀኝ። መሬቱ ወለል መስሏል። ምን ልበለው? ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አሁን የማይነካውን ቦታ ዙሪያውን ቀይ ክር አስርበታለሁ።

*የደረቀውን ቶሎ መቁረጥ።* ኑጉና አደዩ ሲደርቁ ግንዳቸው ያስጠላል፣ አውቃለሁ። እስከ መጋቢት ተዉት። ተኝቶ በጋውን የሚያሳልፈው ሁሉ ያለው እዚያ ግንድ ላይ ነው። ስትቆርጡትም አታቃጥሉት። አጥር ሥር ከምሩትና ለአንድ ወር ተዉት፤ የሚወጣው ይውጣ።